4ጂ፣ 5ጂ፣ የጣሪያ ዲሽ ወይስ ሳተላይት? ገመድ ለማይደርስበት ቤት ኢንተርኔት አመራረጥ

ሰው ሁሌ "4ጂ ልግዛ ወይስ 5ጂ?" ብሎ ይጠይቀኛል። እኔ መልሼ "ቤትህ ውስጥ ኔትወርክ የሚይዘው የትኛው መስኮት ነው?" ስለው የማሾፍበት ይመስለዋል። የምሬን ነው ግን። ከጂው ቁጥር በፊት የሚጠየቀው ጥያቄ ይሄ ነው፣ ምክንያቱም ጥሩ ቦታ የተቀመጠ 4ጂ ራውተር እየመጣ እየሄደ የሚያስለቅስ 5ጂን ሲያስከነዳው ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

መጀመሪያ ግን አንድ ነገር እናጥራ። ዋይፋይ ማለት ኢንተርኔት ማለት አይደለም። ዋይፋይ ከራውተሩ እስከ ስልካችሁ ያለችው ጥቂት ሜትር ብቻ ናት፣ ራውተሩ ራሱ ኢንተርኔቱን ከየት ያመጣዋል የሚለው ሌላ ጉዳይ ነው (ከታወር ሊሆን ይችላል፣ ከሳተላይት፣ ወይ ራቅ ብሎ ከተተከለ አንቴና)። እዚህ የማወዳድረው ይሄን ሁለተኛውን ነው። "ዋይፋዩ ስሎው ሆነብኝ" የምትሉ ከሆነ ራውተሩ አጠገብ ቆማችሁ፣ ከተቻለ ላፕቶፕ በኬብል ሰክታችሁ ስፒድ ቴስት አርጉ። እዛ ፈጣን ሆኖ መኝታ ቤት ከሞተ ጥፋተኛው ግድግዳችሁ ነው፣ ሌላ ፓኬጅ ብትገዙም ያው ነው።

በምን እንመዝናቸው

ፍጥነት። ማስታወቂያ ላይ የሚጻፈው ሜጋቢት ነው፣ ፋይል ስታወርዱ የምታዩት ግን ሜጋባይት ነው፣ ለ8 አካፍሉት። 40 ሜጋቢት በሰከንድ ማለት 5 ሜጋባይት ነው፣ 1 ጊጋ ፋይል ከ3 ደቂቃ ትንሽ በላይ ይወስዳል። ጥሩ ጥራት ያለው ኤችዲ ቪዲዮ 5 ሜጋቢት አካባቢ ይበቃዋል፣ 4ኬ ከ15 እስከ 25 ይፈልጋል። ስለዚ አራት ሰው ያለበት ቤት የማይዋዥቅ 40 ሜጋቢት ካገኘ በሰላም ይኖራል። 300 ተብሎ ማታ ማታ 4 የሚሆነው ነው ቤተሰብ የሚያጣላው።

"እስከ" የምትለዋን ቃል ደግሞ አትለፏት። አንድ ተራ የ4ጂ ሞገድ (ዳታው የሚሄድበት መንገድ በሉት) 20 ሜጋኸርዝ ስፋት ኖሮት በሁለት አንቴና ቢሰራ ጣሪያው 150 ሜጋቢት ነው። ይሄ 150 የእናንተ ብቻ እንዳይመስላችሁ፣ ታወሩ በዛ አቅጣጫ በዛ ሞገድ ለሚያገለግለው ሰው ሁሉ የሚካፈል ነው። ለዛ ነው ሌሊት 9 ሰዓት ላይ የሚበረው ኢንተርኔት ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ የሚንቀራፈፈው። ሌሊት ተነስታችሁ የለካችሁትን ለማንም አታሳዩ፣ የሚቆጠረው ሰዉ ሁሉ ከስራ ገብቶ ስልኩን ሲከፍት ያለው ነው።

አፕሎድ። ማንም አይጠይቅም፣ ከዛ ቪዲዮ ሚቲንግ ላይ ፊቱ ድርቅ ብሎ ሲቀር ይናደዳል። ከቤት የምትሰሩ፣ ቪዲዮ የምትጭኑ፣ ካሜራ ያላችሁ ሰዎች ከዳውንሎዱ እኩል እዩት።

ፒንግ። መልእክታችሁ ሄዶ መልስ ይዞ እስኪመለስ ያለው ጊዜ ነው። ፊልም ለሚያይ ሰው ምንም ማለት አይደለም፣ ለጌም እና ለስልክ ጥሪ ግን ሁሉም ነገር ነው። ድምፅ ወደ አንድ አቅጣጫ ለመድረስ ከ150 ሚሊሰከንድ በላይ ሲፈጅ ሰው እርስ በርሱ ንግግር መቀማማት ይጀምራል። ከአማካዩ ይልቅ መዋዠቁ ይከፋል፣ 40፣ 45፣ 38፣ 620፣ 41 የሚል ፒንግ ጌም ላይ ይገድላችኋል።

የዳታ ልክ። 5 ሜጋቢት የሚበላ ቪዲዮ በሰዓት 2 ጊጋ ከሩብ አካባቢ ይጨርሳል። በቀን ሁለት ሰዓት ብታዩ በወር 135 ጊጋ ሄደ ማለት ነው፣ አንድ ሰው ብቻ! "አንሊሚትድ" ሲሏችሁ ከስንት ጊጋ በኋላ ፍጥነቱን ይቀንሱታል ብላችሁ ጠይቁ፣ ከተቀነሰ በኋላ ስንት እንደሚሆንም ጭምር።

መብራት እና አይፒ (የኢንተርኔት አድራሻ)። እቃው ስንት ዋት እንደሚበላ እዩ፣ መብራት ሲጠፋ በትንሽ ባትሪ ይቆያል ወይ የሚለው ብዙ ቦታ ከፍጥነት በላይ ነው። የቤት ካሜራ ከውጭ ሆናችሁ ለማየት ወይ የራሳችሁን ሰርቨር ለማስነሳት ካሰባችሁ ደግሞ ፐብሊክ አይፒ (የራሳችሁ ብቻ የሆነ፣ ከውጭ የሚታይ አድራሻ) ይሰጣሉ ወይ በሉ፣ የሞባይል ኔትወርክ አብዛኛውን ጊዜ ብዙ ደንበኛ በአንድ አይፒ ጀርባ ስለሚያስቀምጥ ከውጭ ወደ ቤታችሁ በቀጥታ መግባት አይቻልም።

ባሯን ተዉዋት፣ ቁጥሩን እዩ

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ ምክንያቱም ብዙ ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ነው። ስልካችሁ ላይ ያለችው ባር ሁሉም ስልክ ላይ አንድ አይደለችም፣ አምራቹ እንደፈለገ ነው የሚስላት። እውነተኛው መለኪያ ሁለት ቁጥር ነው። አንደኛው አርኤስአርፒ ይባላል፣ የሲግናሉ ጉልበት ነው፣ በኔጌቲቭ ዲቢኤም ይጻፋል፣ ወደ ዜሮ በቀረበ ቁጥር ጥሩ ነው። ከ-80 የተሻለ ከሆነ በጣም አሪፍ፣ -90 አካባቢ ጥሩ፣ -100 ያስኬዳል፣ ከ-110 ከወረደ ለቅሶ ነው። ሁለተኛው ኤስአይኤንአር ነው፣ ሲግናሉ ከረብሻው ምን ያህል እንደሚበልጥ ይናገራል፣ ከ20 በላይ ምርጥ፣ ከ13 በላይ ጥሩ፣ ዜሮ አካባቢ ከሆነ ባሩ ሙሉ ቢሆንም በደንብ አይሰራላችሁም። "ኔትወርኩ ሙሉ ነው ግን አይከፍትም" የምትሉት ነገር ብዙ ጊዜ ወይ ይሄ ነው ወይ የታወሩ መጨናነቅ ነው።

ብዙ አንድሮይድ ላይ `*#*#4636#*#*`፣ አይፎን ላይ ደግሞ `*3001#12345#*` ብላችሁ ብትደውሉ የመለኪያ ገጽ ይከፍታል። ራውተር ከሆነ ሴቲንጉ ውስጥ ገብታችሁ የሲግናል ወይም የዲቫይስ መረጃ የሚለው ጋ ታገኙታላችሁ።

የራሴን ልንገራችሁ። ራውተሬን ለወራት ከቲቪው ኋላ አስቀምጬ ነበር፣ ሶኬቱ እዛ ስለሆነ ብቻ። -108 እና ኤስአይኤንአር 3 ይለኝ ነበር፣ ፍጥነቱ 6 ሜጋቢት። አንድ ቅዳሜ ኤክስቴንሽን ይዤ ቤቱን ዞርኩት፣ ኩሽና መስኮት ላይ ሳደርገው -91 እና 14 መጣ፣ ፍጥነቱ 31። ያው ሲም፣ ያው ፓኬጅ። ከ-108 ወደ -91 ያለው 17 ዲቢ (ዲቢ የሲግናል ልዩነት መለኪያ ናት) ማለት የሲግናሉ ጉልበት 50 እጥፍ አካባቢ መጨመሩ ነው፣ በየ3 ዲቢው እጥፍ ስለሚሆን። አሁን ራውተሩ ከሰሃን ማድረቂያው በላይ ነው የሚኖረው፣ እንግዳ ሲመጣ ትንሽ ያሳፍራል ግን ይሰራል።

አማራጮቹን አንድ በአንድ

ሆትስፖት (ስልካችሁ ኢንተርኔቱን ለሌላ እቃ ሲያካፍል) እና ማይፋይ (ሲም የሚገባባት ባለ ባትሪ ትንሽ ራውተር)። ስልካችሁ ካለ ነገ ጠዋት መጀመር ትችላላችሁ፣ ሌላ ወጪ የለም። ችግሩ ስልኩ ይግላል፣ ባትሪው ያልቃል፣ ከቤት ስትወጡ ኢንተርኔቱም አብሯችሁ ይወጣል። ማይፋይ በኪስ የሚያዝ ስለሆነ ለሚንቀሳቀስ ሰው ምርጥ ነው፣ አንቴናው ግን ትንሽ ስለሆነ ሲግናል ደከም ያለበት ቤት ቋሚ ራውተር የሚያገኘውን አያገኝም። ለአንድ ሰው፣ ለጉዞ፣ ለመጠባበቂያ በቂ ነው።

የ4ጂ ቋሚ ራውተር። ለኔ የብዙ ሰው መልስ ይሄ ነው። 4ጂ ለህዝብ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ2009 መጨረሻ ስቶክሆልም እና ኦስሎ ውስጥ ነው፣ ከዛ ወዲህ እቃው ረክሷል፣ ሽፋኑም ሰፍቷል። ስትገዙ ካርቶኑ ላይ ካት (Cat፣ የራውተሩ የፍጥነት ደረጃ) የምትል ነገር ፈልጉ። ካት 4 ጣሪያው 150 ሜጋቢት ነው፣ አንድ ሞገድ ብቻ ይይዛል። ካት 6 ሁለት ሞገድ ባንዴ ስለሚያጣምር እስከ 300 ይሄዳል። ዋናው ጥቅሙ 300 መድረሱ አይደለም (አትደርሱም)፣ አንዱ ሞገድ ሲጨናነቅ ሌላኛው ያግዘዋል፣ ማታ ላይ ልዩነቱ ይሰማችኋል። የዋጋ ልዩነቱ ትንሽ ከሆነ ካት 4 አትግዙ።

ሁለተኛ የምታዩት የውጭ አንቴና መሰኪያ አለው ወይ የሚለውን ነው። ሶስተኛው የሚይዛቸው ባንዶች (ኔትወርኩ የሚሰራባቸው የሞገድ ክልሎች) ናቸው። ከ1000 ሜጋኸርዝ በታች ያሉት (700፣ 800፣ 900) ሩቅ ይሄዳሉ፣ ግድግዳም ይሰነጥቃሉ፣ አቅማቸው ግን አነስ ይላል። 1800፣ 2300፣ 2600 ብዙ ዳታ ይሸከማሉ ግን ቶሎ ይደክማሉ። ከሌላ አገር የመጣ ራውተር በርካሽ አግኝታችሁ ከሆነ እናንተ ጋ ያለውን ባንድ ካልያዘ የመጽሐፍ መደርደሪያ ጌጥ ነው።

ከታወር ለራቀ ቤት ውጭ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል፣ ሞደሙና አንቴናው አንድ ላይ የሆነ እቃ አለ፣ በአንድ የኔትወርክ ኬብል መብራቱንም ዳታውንም ያስተላልፋል። ራውተር ቤት ውስጥ አስቀምጦ በረጅም የአንቴና ኬብል ጣሪያ ላይ አንቴና ከማውጣት ይሄ ይሻላል፣ ረጅም የአንቴና ኬብል ያገኛችሁትን ሲግናል መንገድ ላይ ይበላዋል።

5ጂ። 5ጂ የሚባል አንድ ነገር የለም፣ ቢያንስ ሶስት ነው። ዝቅተኛው ባንድ ከ1 ጊጋኸርዝ በታች ነው፣ ሩቅ ይደርሳል፣ ፍጥነቱ ከጥሩ 4ጂ ብዙም አይለይም። መካከለኛው 3.5 ጊጋኸርዝ አካባቢ ያለው ነው፣ አንድ ቻናል እስከ 100 ሜጋኸርዝ ይሰፋል፣ የ4ጂው 20 ነበር፣ ስለዚ መንገዱ ራሱ አምስት እጥፍ ሰፊ ነው። ሰው 5ጂ ብሎ የሚያልመው ይሄን ነው። ከፍተኛው ከ24 ጊጋኸርዝ በላይ ያለው ነው፣ ፍጥነቱ ያሳብዳል፣ ግን ቅጠል ያቆመዋል፣ መስታወት ያቆመዋል፣ እጃችሁ ራሱ ያቆመዋል። ታወሩ በቅርብ በአይን ካልታየ እርሱት።

ሌላው፣ ብዙ ቦታ የተዘረጋው 5ጂ 4ጂ ላይ ተደግፎ የሚሰራ ነው፣ ስልካችሁ 5ጂ ብሎ ቢጽፍም ግንኙነቱን የያዘው 4ጂው ነው፣ ዳታው 5ጂ ላይ የሚሄደው ሲያገኝ ብቻ ነው። ራሱን የቻለው 5ጂ ፒንጉ ይሻላል። ስለዚ 5ጂ የምትል ምልክት አይታችሁ እቃ አትግዙ፣ የሰው ስልክ ተውሳችሁ ቤታችሁ ውስጥ ለኩ። አፕሎዱንም ለኩት፣ መካከለኛው ባንድ ላይ ላኪና ተቀባይ አንዱን ሞገድ በጊዜ ነው የሚፈራረቁበት፣ አብዛኛው ጊዜ ለዳውንሎድ ስለሚሰጥ 300 እያወረደ 20 ብቻ የሚጭን ቢገጥማችሁ አትደንግጡ።

የጣሪያ ዲሽ። አንድ ድርጅት ከፍታ ላይ አንቴና ይተክላል፣ እናንተ ጣሪያ ላይ ወደሱ የዞረች ትንሽ ዲሽ ይሰቀላል። አብዛኛው በ5 ጊጋኸርዝ ነው የሚሰራው። በደንብ ከተተከለ ፒንጉ ከሁሉም ያምራል፣ አፕሎዱም ጥሩ ነው። ግን መተያየት ግዴታ ነው፣ መተያየት ስል ደግሞ በአይን ብቻ አይበቃም። 5 ኪሎሜትር ርቀት ላይ ከሆናችሁ ሲግናሉ መሀል መንገድ ላይ ወደየአቅጣጫው 8 ሜትር አካባቢ ያበጠ እንቁላል ቅርጽ ነው ያለው፣ አብዛኛው ነጻ መሆን አለበት። ዛሬ ከመስመሩ ስር ያለች ዛፍ ከሁለት ክረምት በኋላ ኢንተርኔታችሁን ትቆርጠዋለች። የሰዉ ዋይፋይም በዛው ባንድ ስለሚሰራ ሰፈሩ ሲጠጋጋ ረብሻው ይበዛል። የዚህ አማራጭ ጥሩነት ሙሉ በሙሉ በድርጅቱ ነው የሚወሰነው፣ የጎረቤት ምስክርነት ሳትሰሙ አትፈርሙ።

ሳተላይት። ሁለት አይነት ነው፣ ሰው አንድ አርጎ ያየዋል። የድሮው፣ ሩቁ፣ 35,786 ኪሎሜትር ላይ ከምድር ጋር እኩል የሚዞር ነው። ጥያቄው ወጥቶ ይወርዳል፣ መልሱም ወጥቶ ይወርዳል፣ ወደ 143 ሺህ ኪሎሜትር መሆኑ ነው፣ በብርሃን ፍጥነት እንኳ ግማሽ ሰከንድ ሊሞላ ትንሽ ነው የሚቀረው። ማንም ቢያሻሽለው ይሄን ማሳጠር አይችልም፣ የርቀት ጉዳይ ነው። አዲሱ፣ ቅርቡ፣ እንደ ስታርሊንክ አይነቱ 550 ኪሎሜትር አካባቢ ላይ ነው የሚበረው፣ ፒንጉ ብዙ ጊዜ ከ25 እስከ 60 ነው፣ ታወር በሌለበት ቦታ እውነትም ነገር ቀይሯል። የሚፈልገው ሰፊ ክፍት ሰማይ ነው፣ አንድ ትልቅ ዛፍ በጎን ካለ በየጥቂት ደቂቃው ለሰከንዶች እየቆረጠ ጥሪ ያበላሻል። መብራትም ይበላል፣ የ4ጂ ራውተር 10 ዋት አካባቢ ሲበቃው የተለመደው ዲሽ 50 እና ከዛ በላይ ይፈልጋል፣ ሶላር የምትጠቀሙ ይሄን አስሉ። እናንተ አገር ፈቃድ ያለው መሆኑንም ሳታረጋግጡ እቃ አትዘዙ።

ያረጁት። ዋይማክስ (ሌላ ከታወር በአየር የሚመጣ ኢንተርኔት) አንድ ሰሞን 4ጂን ይቀድማል ተብሎ ነበር፣ ደቡብ ኮሪያ እ.ኤ.አ. በ2006 ጀምራው ነበር፣ ስልክ ሰሪውም ኦፕሬተሩም ወደ ኤልቲኢ (4ጂ የምንለው) ሲዞር ሞተ። 3ጂም እየተዘጋ ነው፣ አሜሪካ ውስጥ ትላልቆቹ ኦፕሬተሮች እ.ኤ.አ. በ2022 አጥፍተውታል። ያገለገለ የ3ጂ ብቻ ዶንግል ወይም ዋይማክስ ራውተር በነጻ ቢሰጧችሁም አትቀበሉ።

በአንድ እይታ

ቁጥሮቹ በግርድፉ ናቸው፣ ሲግናሉ ጥሩ ሆኖ ነው።

| አማራጭ | ዳውንሎድ በሜጋቢት | ፒንግ በሚሊሰከንድ | የመነሻ ወጪ | ዋና ጠላቱ |
|---|---|---|---|---|
| ሆትስፖት/ማይፋይ | 5–40 | 30–70 | ዝቅተኛ | ባትሪ፣ ትንሽ አንቴና |
| 4ጂ ቋሚ ራውተር | 10–60 | 30–60 | ዝቅተኛ | የማታ መጨናነቅ |
| 5ጂ መካከለኛ ባንድ | 100–400 | 15–40 | መካከለኛ | ርቀት፣ ወፍራም ግድግዳ |
| የጣሪያ ዲሽ | 10–100 | 5–30 | መካከለኛ | ዛፍ፣ ረብሻ |
| ቅርብ ሳተላይት | 50–200 | 25–60 | ከፍተኛ | የተሸፈነ ሰማይ፣ መብራት |
| ሩቅ ሳተላይት | 10–50 | 600 እና በላይ | ከፍተኛ | ርቀቱ ራሱ |

ለማን የቱ

ብቻህን የምትኖር፣ ተከራይ ከሆንክና ነገ ቤት የምትቀይር ከሆነ ማይፋይ ወይ ርካሽ 4ጂ ራውተር ያዝ፣ ግድግዳ በስተህ ዲሽ አታስተክል።

ቪዲዮ የሚያይ ቤተሰብ ከሆናችሁ መጀመሪያ የዳታውን ልክ እዩ፣ ፍጥነቱን ከዛ በኋላ። ካት 6 ራውተር ከእውነተኛ አንሊሚትድ ጋር፣ 5ጂ ልኬቱ ከ-100 የተሻለ ከሆነ ደግሞ 5ጂ።

ከቤት የምትሰሩ ሁለት መስመር ያዙ፣ አንድ ጥሩ እና አንድ ርካሽ። የጣሪያ ዲሽ ወይ 5ጂ እንደ ዋና፣ የስልክ ሆትስፖት እንደ መጠባበቂያ። አንዱን በጣም ውድ ፓኬጅ ከመግዛት ሁለት መካከለኛ መያዝ ይሻላል፣ ሁለቱ በተለያየ ድርጅት ከሆኑ ደግሞ ባንዴ አይጠፉም።

ጌመር ከሆንክ የጣሪያ ዲሽ፣ ከዛ 5ጂ። ኮንሶሉን በኬብል ሰካው፣ ግማሹ የፒንግ ለቅሶ እዛ ጋ ያልቃል።

ታወር በሌለበት የምትኖሩ፣ ጎረቤቶቻችሁን አሰባስቡና አንድ ቅርብ ሳተላይት ለሁለት ሶስት ቤት ተካፈሉ፣ ውሉ የሚፈቅድ ከሆነ። ከዛ በፊት ግን አንድ ሰው ጣሪያ ላይ ወጥቶ 4ጂ ይለካ፣ መሬት ላይ የሌለ ሲግናል ስድስት ሜትር ከፍ ሲባል ብቅ የሚልበት ጊዜ አለ።

ከመክፈላችሁ በፊት

የምታስቡትን ኔትወርክ ሲም በስልካችሁ ሰክታችሁ ለሶስት ቀን፣ ከምሽቱ 1 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ ራውተሩ የሚቀመጥበት ቦታ ላይ ሆናችሁ ለኩ። ዳውንሎድ፣ አፕሎድ፣ ፒንግ፣ አርኤስአርፒ፣ ኤስአይኤንአር ወረቀት ላይ ጻፉ። ሁለት ኔትወርክ ካለ ሁለቱንም። ራውተሩ ላይ የሌላ ድርጅት ሲም ይሰራ እንደሆነ፣ እቃው ካልሰራ በስንት ቀን መመለስ እንደሚቻል፣ ውሉ ለስንት ወር እንደሚያስር ጠይቁ፣ መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ። የሻጩ መልስ "አካባቢው ሽፋን አለው" ብቻ ከሆነ ወረቀታችሁን አውጡና የማታውን ቁጥር አሳዩት።